ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ፤ ቅቤና ዘይት በጓዳችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር ሲባል ድንኳንና ድስት ነው ትዝ የሚለን። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለሞተ ሰው ሳይሆን፣ ከሞት አፋፍ ተመልሶ አብሮን ስለተቀመጠ ሰው ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከዚያ በፊት ዐቅም ያለው ወደ ህንድም ወደ ሌላም አገር ይሄድ ነበር፤ የሌለው ያው ታውቁታላችሁ። ዛሬ ወንድም ለእህቱ ኩላሊቱን ይሰጣል፤ እሷም ድና ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ቤቷ ትመለሳለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በኩላሊት እጥበት ላይ ሳለች ውኃው በልክ፣ ሙዙና ድንቹ በልክ ነበር። አሁን ክልከላው በአብዛኛው ተነሣ። በዚያ ላይ የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል። እኛ ጎረቤቶቿ ደግሞ ቅቤ የዋጠ ገንፎ ይዘን እንገባለን። «ጠውልገሻል እኮ፤ በሞቴ!» እያልን እናጎርሳለን። የዕድር ሰው «በሞቴ» ሲል ትንሽ ማሰብ ነበረበት።

ለምን ቢባል፣ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ስለሚያየው ሕመምተኛው እንዳይገፋው የሚያደርጉ መድኃኒቶችን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ከነዚህም ውስጥ ፕሬድኒሶሎንና ሳይክሎስፖሪን በደም ውስጥ ያለውን ስብ ከፍ ያደርጋሉ፤ ታክሮሊመስ በስብ በኩል ቀለል ቢልም የስኳር በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የደም ግፊትም ይጨመርበታል። ከዚህም የተነሣ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ኩላሊቱ ደህና እየሠራ ሳለ ልብ ይቆማል ማለት ነው። ወንድም የሰጠው ኩላሊት እንዲህ ሲቀር ኀዘኑ የሁለት ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ጓዳችን እንግባ። የተነጠረ ቅቤ ከመቶ 60 ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚያንረውም ይኸው ነው። የሱሉልታ ሰው በላሙና በቅቤው ቢኮራ አንፈርድበትም፤ እንግዳ ሲከበር በምን ይከበራል? ነገር ግን ቅቤ ትቻለሁ የሚለውም አላመለጠም። በጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት ከመቶ ግማሽ ያህሉ ያው የሚረጋ ስብ ነው። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በሱሉልታ ብርድ ጀሪካኑን አሳድሮ ጠዋት ማየት ነው፤ ነጭ ሆኖ ይረጋል። የኑግ ዘይት ግን አይረጋም፤ የሚረጋው ስብ በውስጡ ከመቶ 20 አይደርስም። ይህን ሰምቶ በኑግ ዘይት መዘፍዘፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የየትኛውም ይሁን፣ 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ውፍረትም ለዚህ ሰው ጠላት ነው።

ጾመኛ ነኝና ቅቤ አልነካም የምንልም አለን። በጾም ቀን ቅቤው ይቀራል፤ ሽሮው ግን በፓልም ዘይት ይንሳፈፋል። በፋሲካ ማግስት ደግሞ የሁለት ወር ቅቤ በአንድ ቀን ይከፈላል። በረመዳን አመሻሽ በዘይት የሚጠበሰውም ሳምቡሳ ከዚህ አይለይም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላም ወተት ለዚህ ሰው የሚከለከሉት ከስቡ ሌላ በጀርሙ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ አዳክሞታልና።

«ክኒን የለውም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለው። ንቅለ ተከላ ባደረጉ 2,102 ሰዎች ላይ ፍሉቫስታቲን የተባለው መድኃኒት ተሞክሮ ውጤቱ በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ታትሟል። ጥናቱ ዋና መለኪያ ባደረገው ላይ ያስገኘው ለውጥ አስተማማኝ ባይሆንም፣ በልብ ሕመም መሞትና የልብ ድካ በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ከስብ መቀነሻ ክኒኖች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሲምቫስታቲን፣ ከሳይክሎስፖሪን ጋር ሲወሰዱ ጡንቻን እስከ መጉዳት ይደርሳሉ። ስለዚህ ጎረቤት ከወሰደው ክኒን መዋዋስ የለም፤ የሚያዘው ሐኪሙ ነው፤ ደሙንም በየጊዜው የሚያስመረምረው እሱ ነው።

ወደ ራሳችን ድንኳን ስንመለስ፣ የምግብ ዝግጅት ኮሚቴያችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከትልልቆቹ ድስቶች አንዱ ቅቤም ፓልም ዘይትም ሳይነካው፣ በጥቂት ኑግ ዘይት፣ ጨውም ቀነስ ተደርጎ ይሠራ። ምስር ይሁን ክክ የሴቶቹ ምርጫ ነው። ጭልፋውም የራሱ ይሁን፤ ከዶሮ ወጡ የወጣ ጭልፋ ከገባበት ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ድስቱ እንዲለይ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት፤ ክሩን ዕቃ ቤት ኃላፊው ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ይረከባሉ።