ከኮከብ እስከ መሰላል፦ የዩኤስኤስዲ አጭር ታሪክ



የሞባይል ታሪክ ሲወሳ መድረኩን የሚይዘው ኤስኤምኤስ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ኒል ፓፕዎርዝ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከኮምፒዩተር ወደ ሞባይል ስልክ የገና መልካም ምኞት ላከ፤ ቀኑም የጽሑፍ መልእክት ልደት ሆኖ ቀረ። ታናሽ ወንድሙን፣ በኮከብና በመሰላል ኮድ የሚሠራውን ዩኤስኤስዲን ግን ልደቱን የሚያከብርለት የለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

በአውሮፓ ጂኤስኤም የተባለውን የሞባይል ሥርዓት የቀየሱት መሐንዲሶች ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ ለማዞርና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች ቋሚ ኮዶች አበጁ። ኮዶቹ የሚጻፉባቸው ኮከብ (*) እና መሰላል (#) የሚባሉት ቁልፎች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በአሜሪካ የቤት ስልኮች ላይ ነበሩ። ከቋሚዎቹ ኮዶች ውጭ እያንዳንዱ ኦፕሬተር በራሱ ለሚፈጥረው አገልግሎትም ቦታ ተተወ፤ ዩኤስኤስዲ በዚያ በኩል ገባ። መጀመሪያ ላይ ጠያቂው ስልኩ ብቻ ነበር። በሁለተኛው የጂኤስኤም ምዕራፍ ኔትወርኩም መልሶ እንዲጠይቅ ተፈቀደለት፤ ዝርዝር እያሳዩ ማስመረጥ የተቻለው ያኔ ነው።

ኮከብ 804 መሰላል ብለን ቀሪ ሂሳብ ስንጠይቅ ስልካችን 804 ምን እንደሆነ አያውቅም። በመሰላል መዘጋቱን አይቶ፣ የጻፍነውን እንዳለ የጥሪ ምልክቶች በሚያልፉበት መስመር ይልከዋል። ጥያቄው ከማማው ወደ ማዞሪያው፣ ከዚያም ወደ ደንበኞች መዝገብና ወደ አገልግሎቱ ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው ይመለሳል። ኤስኤምኤስ የተቀባዩ ስልክ ቢዘጋ ማዕከል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዩኤስኤስዲ አይጠብቅም፤ ምልልሱ እስኪያበቃ መስመሩን ይዞ ይቆያል። ስንዘገይ የሚቋረጥብን፣ እንደገናም ከመጀመሪያው የምንጀምረው ለዚህ ነው።

ሥራው ሁሉ ያለው ኔትወርኩ ዘንድ በመሆኑ፣ ርካሹ ቀፎም ለባንክ አገልግሎት በቃ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ከመተግበሪያው ጎን ኮከብ 127 መሰላልን የያዘው ኢንተርኔት የሌለውንም ደንበኛ ለመድረስ ነው።

ለእኛ ግን አንድ ጣጣ አለ። አንድ የዩኤስኤስዲ መልእክት የሚይዘው 160 ባይት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚታሸግ 182 ይገባል፤ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈጅ የሚገባው 80 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውና ነጥቡም ከዚያው ላይ ይታሰባል። «1. ገንዘብ ለመላክ» የሚለው መስመር ከነመስመር መዝለያው 13 ይወስዳል። ይህን የሚያህል ስድስት መስመር ሲጻፍ ገጹ ይሞላል፤ ሰባተኛው ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሻገራል፣ ሰዓቱም ይቆጥራል።

እንግዲህ የአማርኛውን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው እንግሊዝኛውን ተርጉሞ አይገላገልም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የትኛው ይቅደም የሚለውን እንደ አዲስ መወሰን አለበት። ውሳኔው ለቴክኒክ ክፍሉ ብቻ የሚተው አይደለም፤ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ የሚጫኑ እናት ሰዓቱ ሳያልቅባቸው ገንዘባቸውን መላክ መቻላቸው አብሯቸው ተቀምጦ ይፈተሽ።