የስኳር በሽታ ላለበት ጓደኛችን የሚገባን ተግባር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን የትምህርት ቤት በዓል የሚያምረው ተማሪው ሁሉ በጤና አብሮ ሲውል ስለ ሆነ፥ ለጥቂት ጊዜ እንድትሰሙን በትሕትና እንለምናለን።

ብዙ ሰው የስኳር በሽታ የሽማግሌ ወይም ጣፋጭ የሚያበዛ ሰው በሽታ ብቻ ይመስለዋል። በልጅነት የሚጀምረው ዓይነት ግን እንዲህ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ከተማ በምርምራቸው ኢንሱሊንን አገኙ፤ በ1922 መጀመሪያ በመርፌው የታከመው ሌናርድ ቶምሰንም የ14 ዓመት ልጅ፥ ማለት የእኛ እኩያ ነበረ።

ታዲያ መድኃኒቱ ከተገኘ ምን ቀረ? የቀረው የእኛ ፋንታ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ በሽተኛውን ይወቅሳል፤ እኛ ግን እንዲደብቅ የሚያደርገው ማን ነው ብለን እንጠይቃለን። መርፌውን ሲያወጣ አፍጥጠን ብናይ፥ በሰዓቱ ቁራሽ ሲቀምስ ብንስቅበት፥ ነገ መርፌውንም ቁርሱንም ይተዋል። የኛ ሳቅ እርሱን ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እንወቅ። ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ የዘገየበት ወይም ብዙ የሮጠ ጓደኛችን ቢንቀጠቀጥ፥ ቢያልበው፥ ንግግሩ ቢምታታበት፥ ሰከረ ወይም ሰነፈ አንበል፤ የደሙ ስኳር ወርዶ ይሆናል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን እናጠጣው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው እንድገምለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አንስጠው፤ በጎኑ አስተኝተን መምህር እንጥራ፥ ወዲያውም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ኳስ ስንጫወት መድኃኒት የያዘው ቦርሳው ፀሐይ ላይ እንዳይቆይ እናንሣለት፤ ሙቀት ኢንሱሊንን ያበላሻልና። ደግሞም ውሃ ጥም የበዛበት፥ ሽንት የሚያመላልሰው፥ ያለ ምክንያት የከሳ ጓደኛ ብናይ ሳይውል ሳያድር እንዲመረመር እንምከረው።

መምህራኖቻችንንም የምንለምነው አለን፤ ይኸውም በትምህርትም በፈተናም ሰዓት እንዲህ ያለው ተማሪ ሳያፍር እንዲበላና እንዲወጣ ፈቃዳችሁ እንዲሆን ነው።

በየክፍላችን መሳቢያ ጥቂት ስኳር ይቀመጥ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን ሰው ነው።