ብየዳው አልይዝ ያለ እንደ ሆነ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከፒያሳ ወደ መርካቶ ከሚወርደው ሕዝብ ብዙው በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ያልፋል። ድልድዩ የሚጠራው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር በሆኑትና በ1919 ዓ.ም. ባረፉት በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው። «አባ መላ» ተብለውም ይጠሩ ነበር። መላ ማለት ነገር በተበላሸ ጊዜ ሳይደነግጡና ሳይቆጡ ምክንያቱን ፈልጎ መውጫውን ማግኘት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ጦር ወይም ስለ ሸንጎ አይደለም፤ ስለ ብየዳ ነው። ይሁን እንጂ ይህም መላ የሚሻ ጉዳይ መሆኑን ንግግሬ ሲያልቅ ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ከድልድዩ አልፎ መርካቶ የገባ ሰው፣ በምናለሽ ተራ ያሉት የእጅ ባለሙያዎች አሮጌውን በርሜልና ቁርጥራጩን ብረት ወደ ምድጃና ወደ ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ሲለውጡት ያያል። ቀድሞ በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ይናቅ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ግን የእጅ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ዛሬ ደግሞ በመሥሪያ ቤት በብዕርና በኮምፒዩተር የሚሠራው ሰው ራሱ በዕረፍት ቀኑ የቤቱን በር ለመጠገን ሲል የብየዳ ማሽን እስከ መግዛት ደርሶአል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተደረገው የልማት ሥራ ብዙ ነባር ቤቶች ተነሥተው ነዋሪው ወደ ሌላው የከተማ ክፍል ተዛውሮአል፤ አዲስ ቤት የገባ ሰው ደግሞ የሚያበጀው በርና የሚያጠብቀው መስኮት እንደማያጣ የታወቀ ነው።

በየቤቱ ከሚገቡት ማሽኖች አንዱ ሽቦውን ከጥቅሉ ላይ እየሳበ በራሱ የሚያቀርበው ዐይነት ነው። ይህ የብየዳ ስልት እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ አገር ባቴል በተባለው የምርምር ተቋም የተገኘ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ያገለገለው ለአሉሚኒየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተባለው ርካሽ ጋዝ መሥራት ከተቻለ በኋላ ግን ለብረት ሥራ ሁሉ ተስፋፋ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሰውየው ማስፈንጠሪያውን ሲጫን ሽቦው ይወጣል፤ ሽቦው ብረቱን ሲነካ የኤሌክትሪክ እሳት ይፈጠራል፤ ሽቦው ቀልጦ፣ የብረቶቹም ጠርዝ አብሮ ቀልጦ አንድ አካል ይሆናሉ።

እንግዲህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ማሽን ገዝቶ የግቢውን በር ማጠፊያ ሊበይድ ተነሣ እንበል። እሳቱ ይንጣጣል፤ ፍንጣሪው ይበተናል፤ ሽቦው ይቆማል፤ በመጨረሻም ብረቱ ላይ የቀረው እንደ ተለጠፈ ጭቃ ያለ ጉብጉብ ነው። ሰውየው ማሽኑን ይረግማል። ሻጩን ይወቅሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ጉብጉቡን በግራይንደር አስተካክሎ፣ ቀለም ቀብቶ «ይኸው አማረ» ማለቱ ነው።

ይህ ጉዳይ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በአንድ ካሬ ሜትር 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ አንድ የበር ክንፍ፣ ዙሪያው ያለው ቱቦላሬ ሳይቆጠር፣ ላሜራው ብቻ 60 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው በሁለት ወይም በሦስት ማጠፊያዎች ላይ ነው። ልጆች ደግሞ በር ላይ ተንጠልጥለው መወዛወዝ ይወዳሉ። ስለዚህ ላይ ላዩን የተለጠፈ ብየዳ ቀለም ተቀብቶ መደበቁ አደጋን ደብቆ ማስቀመጥ ነው።

ታዲያ መላው ምንድር ነው? ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ በተራ መመርመርና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ብየዳው ቢሻሻል እንኳ የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም። የመንግሥት ሠራተኛ መዝገብ መያዝ ልማዱ ስለ ሆነ፣ ለውጡን ሁሉ በትንሽ ደብተር ቢጽፍ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

አንደኛ፤ ብረቱ ይጽዳ። ዝገት፣ ቀለም፣ ቅባትና ጭቃ የብየዳ ጠላቶች ናቸው። የሚበየደው ቦታ ብቻ ሳይሆን ማሳ የሚባለው የመመለሻ ገመድ የሚቆነጠጥበትም ቦታ እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽ ወይም በግራይንደር ይጠረግ። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ነገር ነው፤ መመለሻው በቀለም ከተዘጋበት እሳቱ ይቆራረጣል። ብዙ ጊዜ በሽታው ሁሉ ከዚህ አያልፍም።

ሁለተኛ፤ ለማሽኑ የሚደርሰው ኃይል ይታይ። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ነገር ግን ቀጭንና ረዥም ማራዘሚያ ገመድ ኃይሉን በመንገድ ያስቀረዋል፤ ተጠቅልሎ የቀረ ገመድ ደግሞ እስኪቀልጥ ድረስ ሊግል ይችላል። ስለዚህ የገመዱ የውስጥ መዳብ ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ባያንስ፣ አጭርም ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉም ቢዘረጋ መልካም ነው። በቤት ውስጥ የእንጀራ ምጣድ ተጥዶ ሳለ በዚያው መስመር መበየድም አይገባም። ምጣዱም ማሽኑም ብዙ ኃይል የሚስቡ ናቸውና፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ፣ ብየዳውም ሳይዝ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ የገመዶቹ አቀማመጥ ይመርመር። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ሽቦው ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ድፍን ሲሆን የሚሠራው በጋዝ ነው፤ ሁለተኛው በውስጡ ዱቄት የያዘ ሲሆን ያለ ጋዝ የሚሠራም አለ። በድፍኑ ሽቦ ሲሠራ ሽቦው ከፖዘቲቩ፣ ማሳው ከኔጋቲቩ ጋራ ይያያዛል። ያለ ጋዝ በሚሠራው ባለ ዱቄት ሽቦ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ይገለበጣል፤ ሽቦው ከኔጋቲቩ፣ ማሳው ከፖዘቲቩ ይሆናል። ሽቦውን ለውጦ ገመዶቹን ያልለወጠ ሰው የሚያገኘው ብዙ ፍንጣሪና ደካማ ብየዳ ነው። በሽቦው መጠቅለያ ላይ የተጻፈውን አንብቦ፣ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣ ከዚያ በኋላ ገመዶቹን ማስተካከል ነው።

አራተኛ፤ የሽቦው መንገድ ይፈተሽ። ሽቦውን የሚገፉት ትንንሽ መንኮራኩሮች ከላሉ ሽቦው ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ደግሞ ሽቦውን ይጨፈልቁታል፤ መውጫው ሲደፈንም ሽቦው በውስጥ እንደ ተበላሸ ልቃቂት ይተበተባል። የመንኮራኩሩ ጎድጓዳና በጫፉ ያለችው የመዳብ መውጫ ከሽቦው ልክ ጋራ ይስማሙ፤ ለ0.8 ሽቦ ባለ 0.8 መውጫ ማለት ነው። ቀዳዳዋ የሰፋ ወይም ፍንጣሪ የያዘች መውጫ ዋጋዋ ጥቂት ስለ ሆነ መለወጥ ይሻላል። ገመዱም ሳይታጠፍ ይዘርጋ፤ የዛገ ሽቦም አይግባበት።

አምስተኛ፤ በጋዝ የሚሠራ ሰው ጋዙን ይመልከት። ብየዳው የእንጀራ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ካወጣ፣ ለእንጀራ የሚያስመሰግነው ነገር ለብየዳ ነውር ነው፤ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ጋዙ አልቆ፣ ቱቦው ተቀዶ፣ ወይም ነፋስ ወስዶት ይሆናል። በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ጋዝ ለቤት ሥራ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነፋሱን በሚከልል ነገር ይከላከል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ግን አይሥራ፤ ጋዙና ጢሱ የሚተነፍሰውን አየር ያሳጡታልና።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ የማሽኑ መጠንና የእጅ አያያዝ ነው። ሽቦው ከፈጠነ እጅን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከዘገየ ጫፉ ድብልብል ሆኖ ከመውጫው ጋራ ይጣበቃል። ሙቀቱ ካነሰ ብየዳው ብረቱ ላይ እንደ ገመድ ተጋድሞ ይቀራል፤ ከበዛ ቀጭኑ ቱቦላሬ ይበሳል። በድፍን ሽቦ ሲሠራ ከመዳቡ መውጫ እስከ ብረቱ ያለው ርቀት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይስማማል። የተስተካከለ ብየዳ ዘይት ላይ እንደ ተጣለ ሽንኩርት ያለማቋረጥ ይንጣጣል። ወፍራሙን ማጠፊያ ከቀጭኑ ቱቦላሬ ጋራ ሲያጋጥሙም፣ እሳቱን ወደ ወፍራሙ ማዘንበልና በአጭር በአጭሩ እያሳረፉ መሥራት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ በሩ ላይ ከመውጣት በፊት አንድ ፈተና አለ። ከሥራው ብረት ጋራ ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቁርጥራጮች አንዱን በአንዱ ላይ አቁሞ በአንድ ጎን ብቻ መበየድ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ በሞርሳ አጥብቆ ይዞ በመዶሻ ወደ ብየዳው ማጠፍ ነው። ብየዳው እንደ ቅርፊት ተላቅቆ ከሥሩ ንጹሕ ብረት ከታየ፣ ተለጥፎ ነበር እንጂ አልተዋሐደም። ብረቱ ራሱ ታጥፎ ብየዳው ከጸና ግን ያን ጊዜ ለበሩ የታመነ ነው። ዐይን ይሳሳታል፤ ቀለም ይሸፍናል፤ መዶሻ ግን አያደላም።

ስለ ደኅንነት ደግሞ ጥቂት ልጨምር። የብየዳ ብርሃን ዓይንን የሚያቃጥል ጨረር አለው፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ አሸዋ የገባ ያህል ሆኖ ይመጣል። የፀሐይ መነጽር አያድንም፤ ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ የብየዳ መስተዋት ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ልጆችም ቆመው እንዳያዩ መከልከል የአባትና የእናት ፋንታ ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና ቱቦ ሲበየድ ጢሱ ትኩሳት ያመጣልና ቅቡን አስቀድሞ ማስወገድ ነው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይዞ የነበረ በርሜል ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት ስለሚፈነዳ በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይበየድም። በእርጥብ መሬትና በእርጥብ ጫማም አይሠራም።

ክቡራን አድማጮቼ፤ ፈተናውን ደጋግሞ ያላለፈ ሰው ወንበርና የአበባ ማስቀመጫ እየሠራ እጁን ያለማምድ እንጂ፣ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበትን ማጠፊያ፣ የደረጃ መደገፊያና የሰገነት አጥር ለባለሙያ ይተው። ይህን ማድረግ ለዕውቀት ክብር መስጠት ስለ ሆነ አያሳፍርም። ችሎታው ያለው ደግሞ በተራ መርምሮ፣ በመዶሻ ፈትኖ፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ይቀባ።

በዚሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ። ደኅና እደሩ።