የተማሪዎች ሮኬት ስለሚተኰስበት ቦታ



ተማሪ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የሠራውን ትንሽ ሮኬት ይዞ ሲመጣ፥ መምህሩ አስቀድሞ «የት ይወድቃል?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። የወጣው ሁሉ ይወርዳልና፤ የሚወርድበትንም ስፍራ ነፋስ ይወስነዋል።

ኡሁሩ የተባለችው ሳተላይት በ1970 እ.ኤ.አ. በኬንያ፥ በማሊንዲ አጠገብ፥ በባሕር ላይ ከቆመ መድረክ ተተኰሰች። ስፍራው ለምድር ወገብ የቀረበ ሲሆን በስተምሥራቁ ሰው የማይኖርበት ውቅያኖስ ተዘርግቷል። ባሕር ለሌለው ትምህርት ቤት ግን ገላጣ ሜዳ ይበቃዋል። በታወቀው የጥንቃቄ ደንብ፥ ቢ ለሚባለው ሞተር የሜዳው ጠባብ ጎን 60 ሜትር፥ ሲ ለሚባለው 120 ሜትር ሊሆን ይገባል። እንግዲህ የእግር ኳስ ሜዳ ለፊተኛው ሲበቃ ለኋለኛው አይበቃም። ነፋሱም በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ከበለጠ መተኰሱ ይቅር።

ከሁሉ ይልቅ በመከር ወራት፥ የገበሬው ነዶ በተከመረበት አጠገብ አንተኵስ። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ የአንድን ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ ታጠፋለችና።

ስለዚህ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሜዳውን ይለኩ፤ ደረቁን ሣር ይጥረጉ፤ የባለመሬቱንና የመንግሥትን ፈቃድ ይጠይቁ። ተስማሚ ቦታ ሲታጣ «ዛሬ አይሆንም» የሚል መምህር የተማሪውን ተስፋ አልቈረጠም፤ ዕውቀት ለጎረቤት ከማሰብ ጋር እንደሚሄድ አስተማረው እንጂ።