የነዳጅ ታንክም ይተነፍሳል
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በድሬዳዋ ከተማ የቀረበ ንግግር





እንደሚታወቀው ድሬዳዋ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ አብራ ተቆረቆረች። የባቡሩ የጥገና ክፍልም ለብዙ ዓመታት የእጅ ባለሙያ ማፍሪያ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በዚህች ከተማ ስለ ሞተር መናገር ለቀባሪው እንደማርዳት ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው ትልልቁ ብልሽት ሲፈለግ ዘወትር በሚታለፍ አንድ ትንሽ ነገር ላይ ነው። ይኸውም በነዳጅ ታንክ፣ በጋራዥ አጠራር በሳልባትዮ፣ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ናት።

ደንገጎ ዳገት ላይ

ለምሳሌ አንድ የማኅበር አይሱዙ ማዳበሪያ ጭኖ ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ ይነሣል እንበል። ታንኩ ሙሉ ነው። ከተማውን ሲለቅ ምንም እንከን የለበትም። የደንገጎን ዳገት ሲያጋምስ ግን ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ይንገጫገጫል፤ በመጨረሻም ይጠፋል። ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ከጎማ ሥር ያስገባል። ሾፌሩ ናፍጣው አልቆ እንደሆነ ለማየት ክዳኑን ሲፈታ “ፍስስ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ናፍጣው ሞልቶ ስለሚያገኘው መልሶ ይዘጋና ሞተሩን ያስነሣል። መኪናው ይነሣል፤ ይሄዳል። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ያው ችግር ይመለሳል።

በማግሥቱ ጋራዥ ይገባል። ፊልትሮ ይቀየራል፤ አልዳነም። የነዳጅ ፓምፑ ይለወጣል፤ አሁንም አልዳነም። ቀጥሎ ፖምፓው ይፈታ የሚል ሐሳብ ይመጣል። በዚህ መሐል ማዳበሪያው በዘር ወቅት ይዘገያል፤ በመልሱ የሚጫነው አትክልትም በፀሐይ ይጠወልጋል። ለዚህ ሁሉ ወጪና ኪሳራ ምክንያቱ በአቧራ የተደፈነች ቀዳዳ ልትሆን ትችላለች። ሾፌሩ ክዳኑን ሲፈታ መድኃኒቱን ሳያውቀው አግኝቶት ነበር።

ለምን ይሆናል?

ነገሩ ከቤት ዕቃ የራቀ አይደለም። ሙሉ ጀሪካን ሲገለበጥ እየተንደቀደቀ የሚቀዳው አየር በዚያው አፍ ለመግባት ስለሚታገል ነው። በጀርባው ቀዳዳ ቢበጅለት ጸጥ ብሎ ይወርዳል። የሃይላንድ ጠርሙስን አፍ ዘግቶ የሚመጥ ልጅም ጎኑ ወደ ውስጥ ሲጨማደድ ያያል። በታንኩ የሚደርሰውም ይኸው ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲወጣ አንድ ሊትር አየር ሊተካው ይገባል። ካልተተካ የቀረው አየር ይሳሳል፤ የውስጡ ግፊት ከውጭው ያንሳል። ቫኪዩም የሚባለው ይህ ነው።

የውኃ ፓምፕ ያላቸው አርሶ አደሮች አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ፓምፑ ከውኃው ወለል በጣም ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አይስብም። በእርግጥ ፓምፕ የሚሠራው ከፊቱ ያለውን ግፊት በመቀነስ ነው፤ ውኃውን የሚገፋው የውጭው አየር ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በሜርኩሪ ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1643 ያሳየውም የአየርን ገፊነት ነበር። አየሩ ውኃን በባሕር ጠለል ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ይገፋል። ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ድሬዳዋ ወደ 9 ሜትር፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐረማያ ደግሞ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ሲሆን ከዚህም ያንሳል። የተሽከርካሪው የነዳጅ ፓምፕም ናፍጣውን የሚያገኘው በታንኩ ውስጥ ያለው አየር ሲገፋለት ነው። የሚገፋው አየር ከሳሳ ፓምፑ ደህና ቢሆንም ነዳጅ ያጣል።

ይህ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። በታንኩ አናት 20 ሊትር ባዶ ቦታ ቢኖርና አየር ሳይገባ 2 ሊትር ናፍጣ ቢወጣ፣ የውስጡ ግፊት በ9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በድሬዳዋ ከፍታ ይህ ናፍጣውን አንድ ሜትር ያህል ጨምሮ ሽቅብ እንደ መሳብ ነው። ባዶ ቦታው 5 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን በዚያው 2 ሊትር ግፊቱ ከሩብ በላይ ይወርዳል። “ታንኩ ሲሞላ ይጠፋል፣ ሲጎድል ይሻለዋል” የሚል አቤቱታ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ዳገት ላይ መባሱም የሚያስገርም አይደለም፤ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ የሚጠጣው እዚያ ነው።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሐረማያ ላይ የተከደነ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ድሬዳዋ ሲደርስ ጎኑ ገባ ብሎ ይገኛል፤ የቆላው አየር ከደጋው ስለሚከብድ ነው። መተንፈሻው የተደፈነ ታንክም ሲወርድ እንዲሁ ከውጭ ይጫናል።

ምልክቶቹና ፍተሻው

የሚከተሉት ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ መተንፈሻውን መጠርጠር ይገባል፦

1. መኪናው በደህና ተነሥቶ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ጉልበት ማጣቱ ወይም መጥፋቱ፤
2. ጥቂት ሲያርፍ ወይም ክዳኑ ሲፈታ መልሶ መነሣቱ፤
3. ክዳኑ ሲፈታ አየር በኃይል ወደ ውስጥ መግባቱ፤
4. ሳይጋጭ የታንኩ ጎን ወደ ውስጥ መጉበጡ፤
5. በታንክ ውስጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከወትሮው በላይ መጮሁና ቶሎ ቶሎ መቃጠሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥቂት ፉጨት ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይደለም። በተለይ በድሬዳዋ ሙቀት የቤንዚን ትነት ወደ ውጭ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ክዳን የሚፈታው ፊትን አርቆ፣ ቀስ ብሎ ነው።

ፍተሻው ቀላልና ያለ ወጪ የሚደረግ ነው። ችግሩ ሲከሰት መኪናውን ጥግ አስይዞ ክዳኑን ፈትቶ አየር ማስገባትና መልሶ መዝጋት ነው። ሞተሩ ወዲያው ጉልበቱን ካገኘና ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና ከደከመ ጥፋቱ የመተንፈሻው ነው። ክዳኑ ተፈትቶም ለውጥ ከሌለ ፊልትሮው፣ በናፍጣው ውስጥ ያለ ውኃ፣ በታንኩ ወለል ያለው ወንፊት ወይም አየር የሚያስገባ የላላ ቱቦ ይመርመር። ይህ ፍተሻ ሳይደረግ ፓምፕ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

መንስኤውና ጥገናው

መንስኤው በአብዛኛው አቧራና ጭቃ፣ የነፍሳት ጎጆ፣ በጭነት ሳጥኑ ሥር የተጨፈለቀ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ወይም ተገቢ ያልሆነ ክዳን ነው። ዋናው ክዳን ሲጠፋ ክሩ ስለገጠመ ብቻ የሌላ መኪና ክዳን ይታሰራል፤ አንዳንዴም ላስቲክ ተጠቅልሎ ይጠፈራል። ክሩ ገጠመ ማለት ግን ክዳኑ ይተነፍሳል ማለት አይደለም። በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ደግሞ ታንኩ የሚተነፍሰው የቤንዚን ትነት በሚያጠራ የከሰል ጣሳና ቫልቭ በኩል ስለሆነ፣ የእነርሱ መደፈንም ያንኑ ችግር ያመጣል።

ጥገናው ይህን ይመስላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይወልቃል፤ የታንኩ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። ክዳኑ ከመኪናው ራቅ ብሎ በናፍጣና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ቀዳዳው በቀስታ በአየር ይነፋል። ጎማው የደረቀ ወይም ቫልቩ የዛገ ከሆነ ለዚያው ሞዴል በተሠራ ክዳን ይተካል። ቱቦው ከሆነ የታጠፈው ይቃናል፣ የተሰነጠቀው ይለወጣል። በአየር የሚነፋ ከሆነ በመጀመሪያ ከታንኩ መላቀቅ አለበት። ጥገናው መሳካቱ የሚረጋገጠው ግን በጋራዥ ግቢ ሳይሆን ታንኩን ሞልቶ ያንኑ ዳገት በመውጣት ነው።

መደረግ የሌለባቸውም አሉ። ክዳኑን በወስፌ ወይም በመሰርሰሪያ መብሳት መፍትሔ አይደለም፤ አቧራና ዝናብ ያስገባል፣ መኪናው ሲያዘነብል ነዳጅ ያፈሳል። ክዳን ሳይዘጋ መንዳትም እንዲሁ። ወደ ታንኩ ውስጥ በኮምፕረሰር አየር መንፋት አደገኛ ነው። ከሁሉም በላይ የጎበጠን ታንክ “ባዶ ነው” ብሎ ብየዳ ማስነካት የሰው ሕይወት ያጠፋል። ከሙሉ ታንክ ይልቅ ትነት ብቻ የቀረበት ታንክ ለፍንዳታ ይቀርባል፤ ቤንዚን ከዜሮ ዲግሪ በታችም ተቀጣጣይ ትነት ያወጣልና። እንዲህ ያለው ሥራ ታንክ አጥቦ ከትነት ነጻ ማድረግ ለሚችል ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው።

ሞተር ዳገት ላይ ሲጠፋ መሪ ይከብዳል፤ በብዙ መኪኖችም የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ጉዳዩ ከወጪም ያለፈ፣ የሾፌሩና የመንገደኛው ደኅንነት ጉዳይ ነው።

የመስኖ ፓምፕንም ይመለከታል

ለመስኖ የሚውሉ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ታንካቸው አነስተኛ፣ መተንፈሻቸውም ብዙውን ጊዜ በክዳናቸው ላይ ነው። በአንዳንዶቹ ክዳን ላይ ለጉዞ የሚዘጋ፣ ለሥራ የሚከፈት ትንሽ መዝጊያ አለ። ይህን መክፈት ተረስቶ ፓምፑ በየግማሽ ሰዓቱ ቢጠፋ በርቀት ያለ መካኒክ ከመጠራቱ በፊት ክዳኑ ይታይ። አትክልት ውኃ በሚጠማበት ወቅት የአንድ ቀን መዘግየት ቀላል አይደለም።

መደምደሚያ

የማኅበር መኪና የሁሉም አባላት ንብረት ነው። ጋራዥ የሚቆምበት እያንዳንዱ ቀን ከአባላት የትርፍ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ማኅበራት ዘይት በሚቀየር ቁጥር የታንኩ ክዳንና የመተንፈሻ ቱቦው እንዲታይ በጥገና መዝገባቸው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ለየሞዴሉም አንድ ትክክለኛ መለዋወጫ ክዳን በመጋዘን ቢያስቀምጡ ይበጃል። ሾፌሮችም ዕቃ ከማስለወጣቸው በፊት “ክዳኑ ተፈትቶ ተሞክሯል ወይ?” ብለው ይጠይቁ። መካኒኩ እንደ ድፍረት ሊቆጥረው አይገባም፤ ጥሩ ባለሙያ ከመፍታቱ በፊት የሚመረምር ነውና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ትንሿ ቀዳዳ በጊዜዋ ትጠረግ። ለዩኒየኑና ለአባላቱ በሙሉ መልካም የምሥረታ በዓል፤ ለሾፌሮቹም መልካም መንገድ!