ፌርፊልድን አይተን ስንመለስ

ባዝ ደርሰን የተመለስን አባላት ያየነውን እንድናካፍላችሁ ስለጠየቃችሁን እናመሰግናለን።

ባዝ በምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ፣ በፍልውሃዋ የታወቀች አነስተኛ ከተማ ናት። ፌርፊልድ ቤት ያለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ኒውብሪጅ በተባለው ሰፈር ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በስደት የኖሩት እዚያ ነው። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያጻፉትም ባዝ ሳሉ ነው።

ቤቱ ጥሩ የድንጋይ ቤት ነው፤ ቤተ መንግሥት ግን አይደለም። እቴጌ መነን የአገሩ ብርድ ስላልተስማማቸው ኢየሩሳሌም ሄደው የቆዩበት ጊዜ ነበር። መቼም የሂሳብ ክፍል ሰዎች ነንና ገንዘብ ሳናነሳ አናልፍም፦ ያን ሁሉ ቤተሰብና ተከታይ ለማስተዳደር ንጉሠ ነገሥቱ የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል።

ወደ ዙፋናቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ቤቱን ለአረጋውያን እንዲያገለግል ለባዝ ከተማ ሰጡ። ለብዙ ዓመታት የአረጋውያን መኖሪያ ሆኖ ቆየ። ኋላም ከካሪቢያን፣ ከእስያና ከሌላም አገር መጥተው እዚያ ያረጁ ሰዎች የሚሰባሰቡበት፣ አብረው የሚመገቡበት ቤት ሆነ። ታሪኩ የተጠበቀው በር ተቆልፎበት ሳይሆን ሰው እየገባ እየወጣበት ነው።

አትክልቱ ቦታ አረፍ ስንል አንዲት እናታችን ጎንበስ ብለው አረም መንቀል ጀመሩ። «ኧረ ይተዉት» ስንላቸው «የኛም ቤት አይደል እንዴ?» አሉን። በሳምንት ስድስት ቀን ከቤት የማይወጡ እናት ናቸው። የሚወጡት ለሐሙሱ የእናቶች ቡና ብቻ ነው።

ዛሬ በአጀንዳችን ላይ ይኸው የሐሙስ ቡና ይቅር የሚል ሐሳብ አለ። የአዳራሹ ኪራይና የታክሲው ሂሳብ ከብዷል፤ እውነት ነው፣ መዝገቡ እኛው ጋ ነው። ነገር ግን ያው መዝገብ ለዓመት በዓሉ ድግስ በአንድ ሌሊት የምናወጣውንም ያሳያል። ስለዚህ ድግሱ ዘንድሮ ይቅለል፤ እያንዳንዳችን ምግብ ሠርተን እንምጣ። የተረፈው ገንዘብ ለሐሙሱ ቡና ይሁን።

ንጉሥ በስደት የኖረበት ቤት ለሰው አገር አረጋውያን መጠለያ ከሆነ፣ እኛ ለገዛ እናቶቻችን አንድ ከሰዓት በኋላ አናጣም። ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡልን።

እናቶቻችንን ያቆይልን።