የብሔራዊ ውትድርና ዘማቹ ሸማኔ



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ አባያንና ጫሞን ከበታቹ እያየ ዳገቱን ይያያዘዋል፤ ብርዱም ገና ዶርዜ ላይ ይቀበለዋል። እዚያው ጨንቻ አጠገብ፣ ከአንድ የቀርከሃ ቤት ውስጥ፣ እግራቸውን ከጉድጓዱ ከትተው ጋቢ ሲሠሩ ያገኘናቸው ሽማግሌ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ወደው የዘመቱ አይደሉም።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለውን ወጣት ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ኮታው ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ይደለደላል። የከተማ ሰው ይህን ዘመን የሚያስታውሰው «አፈሳ» በሚለው ቃል ነው።

2ቱ ዓመት ግን 2 ዓመት ሆኖ አልቀረም። ጦርነቱ በረታ። መጋቢት 1980 አፋቤት፣ የካቲት 1982 ምጽዋ ተያዙ። በጨንቻ ጉም ያደገው ጎልማሳ የቀይ ባሕርን ሐሩር እንዴት እንደ ቻለው ብንጠይቃቸው፣ «ውሃ ካለ ይቻላል» ብለው ዝም አሉ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ ከ450 ሺህ የማያንሱ የቀድሞ ወታደሮች ወደየቀያቸው እንዲመለሱ ተደረገ።

እኒህ ሰው ሲመለሱ አባታቸው ሞተው፣ የሸማ ዕቃውም ተሽጦ ቆያቸው። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ወርደው ለዘመድ እየሸመኑ የራሳቸውን ዕቃ እስኪገዙ ድረስ ብዙ ክረምት አሳለፉ። ጡረታ የላቸውም። ሚያዝያ 27 ቀን ሲከበር የጣሊያን ጊዜ አርበኞች ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው ሲወጡ አይተናል፤ የሚገባቸውም ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ዘማች ግን እንዲህ ያለ ቀን የለውም። የተሸነፈ መንግሥት ወታደር መሆን በራሱ ጥፋት የሆነ ይመስል!

ጥቂት ዓመት ይሆናል፤ ለአንድ ጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሄደው፣ እጥፋቱ ላይ የተበጣጠሰች የስንብት ወረቀታቸውን አቀረቡ። ወጣቱ ጸሐፊ አገላብጦ አየና «የየትኛው ጦር ነው?» አላቸው። እኛም የሱ ዕድሜ እኩያ ነንና አንፈርድበትም፤ ያን ጊዜ በእናታችን ጀርባ ነበርን። እርሳቸው ግን ወረቀቷን አጥፈው ወጡ፤ ዳግመኛም አልተመለሱም።

ይህን ሲነግሩን እጃቸው ከመወርወሪያው አልተለየም። የቆመው ስለ መንደራቸው ልጆች ስንጠይቃቸው ነው። አብሯቸው ተመልምሎ የሄደ አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር። እናቱ እስከ ሞቱ ድረስ በገበያ ቀን መንገድ ላይ እየጠበቁ «ልጄን አላየኸውም?» ይሏቸው ነበር። «አላየሁትም» ይላሉ።

አይተውት ነበር።